ግራፍም ጠባቂም

እናቴንና አባቴን ያፋታኋቸው እኔ ነኝ። በሰባት ዓመቴ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ቆሜ፣ ቀይ ካልሲ አድርጌ፣ በዜማ። ስጨርስ ደግሞ ጎንበስ ብዬ እጅ ነሳሁ። ማርያምን፣ ያጨበጭቡልኛል ብዬ ነበር የጠበቅኩት።

እሺ፣ ይሄን ሆዴ ውስጥ ይዤ መቀመጥ ስላልቻልኩ ነው መጀመሪያ ያፈረጥኩት። አሁን በሥርዓት ልንገራችሁ። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ነገሩ ከሆነ አሥር ዓመት ሞላው። ግን አላለቀም። የሚያልቀው ከአራት ቀን በኋላ ነው፤ ለዛ ነው እንደዚህ የምቸኩለው።

ስሜ ሉካርድ ነው፤ የሃልደኩ ግራፍ የገብሃርድ ልጅ። ግራፍ የአገሩ ገዢ ነው፣ ይፈርዳል፣ ጦር ይመራል። አባቴ በዚያ ላይ «ጠባቂ» የሚባል ማዕረግ አለው፤ ከወንዙ ማዶ ያለውን የሴቶች ገዳም በሰይፉ የሚጠብቅ ማለት ነው። እኛ ቤት ግን ማዕረግ ብቻውን ምንም አይደለም፤ ከማን ወረስከው ነው ጥያቄው። እንግዳ ሲመጣ እጁን ያስታጥቡታል፣ ቢራ ይቀዱለታል፣ ከዚያ ዘር ይቆጠርለታል። ምስኪን፣ ቢራው እስኪሞቅ ድረስ ይቆጠርለታል።

የሚቆጠረው ደግሞ በክንድ ነው። እኔን ያስተማረኝ አባቴ ነው። ከአደን ሲመለስ መስኮቱ ሥር ያለው የድንጋይ መቀመጫ ላይ ያወጣኛል። እጁ እርጥብ ውሻ ይሸታል፤ እስካሁን እርጥብ ውሻ ሲሸተኝ ሆዴ ይባባል፣ አትሳቁብኝ። እጅጌዬን እስከ ትከሻዬ ይሰበስብና አናቴን በመዳፉ መታ ያደርጋል።

«ኤሲኮ» ይላል። «የሁላችንም ራስ።» ከዚያ አንገቴን ይኮረኩራል። «ግራፍ ቲሞ፣ የኤሲኮ ልጅ።» ትከሻዬን ጨበጥ ያደርጋል። «ጠባቂው ቲሞ፣ የቲሞ ልጅ።» ክርኔ ላይ ሲደርስ፣ «አፍንጫ የሌለው ፎልክማር።» አምባር ማሰሪያዬ ላይ፣ «ኢየሩሳሌም ደርሶ የመጣው ቡርካርድ።» ከዚያ መሃል ጣቴን ይይዝና ሦስቱን አንጓዎች አንድ በአንድ ቆንጠጥ፣ ቆንጠጥ፣ ቆንጠጥ። «ሆየር፣ ኮንራድ፣ አያትሽ ሉዶልፍ።» መጨረሻ ላይ ጥፍሬን በጥርሱ ነከስ ያደርጋል። «እኔ ገብሃርድ።»

«አንተ ለምን ጥፍር ሆንክ አባዬ?»

«ጥፍርሽ ሲቆረጥ ያምሻል?»

«አያመኝም።»

«በቃ። ከአንገት እስከ መጨረሻዋ አንጓ ሰባት ቤት ነው። እስከዚያ ድረስ ሥጋ ነው፣ ሲቆረጥ ያማል፣ መጋባት የለም። ጥፍር ስምንተኛ ነው፤ ባዳ ነው። እናትሽ የግራፍ ቲሞ እህት የአዴላ ዘር ናት። በእሷ በኩል ስትቆጥሪ መጨረሻዋ አንጓ ላይ ነው የምታርፈው፣ ሰባተኛ። እኔ ደግሞ ስምንተኛ። ቤተ ክርስቲያን የራቀውን ነው የምትይዘው፤ ስለዚህ ተፈቀደልን።» ከዚያ ወደ እናቴ ዞር ይልና፣ «እናትሽን ያገኘኋት በአንድ ቲሞ ነው» ይላል።

እናቴ ኦዳ ዓይኗን ከጥልፏ ሳታነሳ፣ «አንድ ቲሞ ቢጎድል ኖሮ አምልጬህ ነበር» ትለዋለች።

ይሄንን በየሳምንቱ ይባባሉታል፣ በየሳምንቱ ይስቃሉ። ይዋደዱ ነበር እኮ። ማንም ዛሬ መጥቶ አይዋደዱም ነበር ቢለኝ ፊቱን ነው የምቧጭረው።

እኔ ብቻ ነበርኩ የማኮርፈው። «እኔስ የት ነኝ?» እላለሁ።

«አንቺማ ከእጁ ወጥተሻል» ይለኛል አባቴ። «አየር ላይ ነሽ።»

አየር ላይ። አስቡት፣ ሁሉም ቦታ አለው፣ አፍንጫ የሌለው ሰውዬ እንኳን ክርን አለው፣ እኔ አየር ላይ። አልቅሼ አውቃለሁ በዚህ።

አያቴ ሂልዴጉንድ፣ የአባቴ እናት፣ ይቺን ለቅሶዬን አይታለች። አያቴ ምንም አታመልጣትም። ቅርንፉድ ትሸታለች፣ ስትሄድ ወገቧ ላይ ያለው ቁልፍ ይንሿሿል፣ ሁሌ ደግሞ በማር የራሰ ለውዝ አላት። እናቴ ከእኔ በኋላ ሦስት ወንዶች ወልዳ ነበር፤ ሦስቱም የቤተ ጸሎቱ ወለል ሥር ናቸው። እኔ እዚያ የሚኖሩ ነበር የሚመስለኝ። በደረቴ ተኝቼ በድንጋዩ ስንጥቅ ወሬ እነግራቸው ነበር፤ ድመቷ ወለደች፣ ፈረሱ ሞግዚቴን ጌፓን ረገጣት፣ እንደዚህ እንደዚህ። አያቴ በር ላይ ቆማ ታየኛለች። «ሦስት» ትላለች ለራሷ። «ሦስት፣ አንድም ቲሞ የለም።» እኔ ስም እየመረጠች ይመስለኝ ነበር።

ያ መከር፣ ፕሪሙ በስሎ ግቢው ሁሉ ንብ በንብ የሆነ ሰሞን፣ አያቴ ወደ ክፍሏ ጠራችኝ።

«የኔ ወርቅ፣ እስቲ ቁጠሪልኝ።»

ቆጠርኩላት። ትከሻዬ ላይ ስደርስ እጇን አነሳች።

«እዚህ ጋ ይሰናከላል። ቲሞ፣ ቲሞ፣ ቲሞ። ዳክዬ ነው እንዴ የምትጠሪው? ስሚኝ።» ከዚያ አንገቴን ነካ አድርጋ በዜማ፣ «ቲሞ፣ ግራፍም ጠባቂም» አለች፤ ወዲያው ትከሻዬ ላይ፣ «አፍንጫ የሌለው ፎልክማር።»

«ቲሞ አንድ ነው እንዴ አያቴ?»

«ማዕረጉ ሁለት፣ ሰውየው አንድ። ምን ይገርማል? አባትሽ ግራፍም ጠባቂም አይደለም?»

ነው። እውነቷን ነው፣ አባቴ ሁለቱንም ነው። ምን ልበላት? ደግሞ ዜማው ያምራል። በሉት እስቲ እናንተ፤ ግራፍም ጠባቂም፣ ግራፍም ጠባቂም። ለመዝለል ሁሉ ይመቻል።

ከዚያ ቀጠለች፤ ክርን፣ አምባር ማሰሪያ፣ አንጓ፣ አንጓ። አባቴ መጨረሻዋ አንጓ ላይ አረፈ። ጥፍሬ ባዶ ቀረ። አያቴ ጣቴን ይዛ ጥፍሬን ሳመችውና፣ «ሉካርድ» አለች። «አየሽ? አሁን አንቺም እጁ ላይ ነሽ።»

በደስታ ሞትኩ። ለውዙንም ሰጠችኝ፣ ግን ማርያምን፣ ለለውዙ አይደለም።

ሞግዚቴ ጌፓ ፀጉሬን ስታበጥር በአዲሱ ዜማ ቆጠርኩላት። ጌፓ ዝም ማለት የሚባል ነገር አታውቅም። «አንዱን ቲሞ ምን በላው?» አለችኝ።

«አያቴ ናት ያስተካከለችው።»

ማበጠሪያው ፀጉሬ ላይ ቆመ። «እሜቴ ራሳቸው?»

«አዎ። ሰውየው አንድ ነው፣ ማዕረጉ ነው ሁለት።»

«እንግዲህ እሜቴ ካሉ» አለችና ማበጠር ጀመረች፤ ያን ቀን ሌላ ቃል ሳትናገር ሁለት ጉንጉን ሠራችልኝ። እኔ የተከፋችው የፈረሱ ርግጫ አሟት ነው ብዬ ነበር።

በማግስቱ ከእህሉ ጎተራ ኋላ ስጫወት ሦስት ትልልቅ ሣጥኖች አየሁ፤ አዲስ ናቸው፣ ክዳናቸው ላይ ቀይ አንበሳ ተሥሏል። አንዱ ውስጥ ገብቼ ተደበቅኩ። ደረቅ ጽጌረዳ ይሸት ነበር፣ አንሶላ በአንሶላ ነው ውስጡ። ከዚያ የተሻለ መደበቂያ በሕይወቴ አላገኘሁም። የማን እንደሆኑ አሁን ሳውቀው ያስቀኛልም ያናድደኛልም። የሙሽራ ሣጥኖች ናቸው። የእንጀራ እናቴ የኩኒጉንዴ። እናቴ እላይ ቤት ተቀምጣ ለአባቴ ሸሚዝ እየጠለፈች፣ የሌላዋ አንሶላ ታች ጎተራ ውስጥ ነበር።

ቀኑ ደረሰ። አዳራሹ ተጠረገ፣ አዲስ ሣር ተነጠፈ፣ ለእኔ ቀይ ካልሲ ተገዛ። በቤተ ክርስቲያን ስም የሚፈርደው ሊቀ ዲያቆናት መጣ፤ ጉንፋን የያዘው ቀጭን ሰውዬ፣ እግሩን ምድጃው ውስጥ ሊከት ምንም አልቀረው። ዘር የሚያውቁ አራት ሽማግሌዎች መጡ። የእናቴ ወንድም አጎቴ ዴዶ ከነጭቃው ገባ፣ ማንንም ሳይስም ተቀመጠ። እናቴ አረንጓዴ ቀሚሷን ለብሳ ብቻዋን አንድ ወንበር ላይ ነበረች። አባቴ ከማዶ፣ ከአያቴ ጎን። ለምን አብረው እንዳልተቀመጡ አልገባኝም፤ ግብዣ ስለሆነ ነው ብዬ ተውኩት።

ከዚያ ጭቅጭቅ ጀመሩ።

«ሰባት ነው» ትላለች አያቴ።

«ስምንት ነው እንጂ» ይላል አጎቴ ዴዶ። «ሁሉም የሚያውቀውን ስምንት።»

«ማን ነው ሁሉም? አንተ የዛሬ ልጅ። ሰባት ነው።»

«ስምንት ነው እሜቴ፣ እንኳን እኔ ግድግዳው ያውቀዋል።»

እኔ ስለ እኔ እየተጣሉ መሰለኝ። አሳዘኑኝ ደግሞ፣ መጠየቅ ሲችሉ። ከጌፓ እጅ አምልጬ መሃል ገባሁና፣ «እኔ ሰባት ዓመቴ ነው» አልኩ።

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ሊቀ ዲያቆናቱ በመሃረቡ ላይ አሻግሮ አየኝ። «ዘር መቁጠር ትችያለሽ?»

«እንዴታ።»

«እንግዲህ» አለ ወደ እነሱ ዞሮ፣ «ትልልቆቹ ሁላችሁም በዚህ ነገር የምትፈልጉት አለ። ልጅቷ የምትፈልገው የለም። ትቁጠር።»

የምትፈልገው የለም አለ። ጥፍሬን አላወቀም።

አግዳሚው ላይ አቆሙኝ። እጅጌዬን ራሴ ሰበሰብኩ። «ኤሲኮ» ብዬ አናቴን መታሁ። ከዚያ አንገቴን ይዤ፣ በሙሉ ድምፄ፣ «ቲሞ፣ ግራፍም ጠባቂም» አልኩ።

እናቴ ጉልበቷ ላይ ሁለት ጣት አወጣች። ከንፈሯም ተንቀሳቀሰ። ጎበዝ እያለችኝ መሰለኝ። ሁለቱ ጣት ደግሞ ስጨርስ ሁለት የማር ኬክ ልትሰጠኝ ነው አልኩ። እንደውም ራሴን ነቅንቄ እሺ አልኳት።

አባቴን አየሁት። እሱ ጥፍሩን ነበር የሚያየው። ዜማዬን ለማዳመጥ ብሎ ያጎነበሰ ነው የመሰለኝ፤ በኩራት ነው ብዬ ድምፄን ከፍ አደረግኩለት።

አሁን ሳስበው እዚህ ጋ ነው የምናደደው። አያቴ አይደለችም። አያቴ የፈለገችውን አደረገች፣ አያቴ አያቴ ናት። ግን ሁለት ቲሞ ያስተማረኝ እሱ ነው። ትከሻዬን ይዞ ያስተማረኝ እሱ ነው። አንድ ቃል ይበቃው ነበር። «ዘለልሽ» ቢለኝ ተመልሼ እቆጥረው ነበር።

ጨረስኩ። ጥፍሬን ወደ ላይ አንስቼ «ሉካርድ» አልኩና እጅ ነሳሁ።

ማንም አላጨበጨበም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «እኔም እንደዚሁ ነው የማስታውሰው» አለ። ሁለተኛውም እንደዚሁ አለ። አራቱም መስቀሉን ይዘው ማሉ። ሊቀ ዲያቆናቱ በአፍንጫው እየተናገረ፣ ሁለቱም ሰባተኛ ቤት ላይ ናቸው፣ የሥጋ ዘመዶች ናቸው አለ። ከዚያ፣ «ጋብቻው ፈርሷል» አለ።

ወደ ጣሪያው አንጋጠጥኩ። ግድግዳውን ዞሬ አየሁ። ምንም አልወደቀም።

«የቱ ጋ ነው የፈረሰው?» አልኩ።

አጎቴ ዴዶ ሲነሳ ወንበሩ ተገለበጠ፤ ያኔ፣ ይሄ ነው እንዴ የፈረሰው፣ አልኩ በሆዴ። እናቴ እያለቀሰች መጥታ አቀፈችኝ። ፀጉሬን እየሳመች፣ «ዜማሽ በጣም ያምር ነበር» አለችኝ። አንዲት የወቀሳ ቃል አላለችኝም፣ ያኔም ከዚያ ወዲህም። እኔ በደስታ ነው የምታለቅሰው ብዬ፣ «ኬኩስ?» አልኳት።

«ኬኩስ» እኮ ነው ያልኳት።

አያቴ ቁጭ አድርጋ፣ እናትሽ ከዛሬ ጀምሮ የአባትሽ ዘመድ ናት፣ ዘመድ ደግሞ አብሮ አያድርም፣ ገዳም ሄዳ ትጸልይልናለች፣ አለችኝ። እኔ ሮጬ ወጥ ቤት ገባሁና ለሁሉም አወጅኩ። «እናቴ አክስቴ ሆነች።» ዶሮ የምትገነጥለው ሴትዮ ዶሮውን እንደያዘች ቁጭ አለች። ጌፓ ጆሮዬን ይዛ አወጣችኝ፤ ውጪ ስንደርስ ግን አልመታችኝም፣ እዚያው በር ላይ ጆሮዬን እንደያዘች ቀረች።

እናቴ በግራጫ በቅሎ ሄደች፣ አንድ ሣጥን ብቻ ይዛ። የዚያ ዓመት በረዶ ሳይቀልጥ ኩኒጉንዴ ከቀይ አንበሶቿ ጋር መጣች። በሚቀጥለው መከር ቲሞ ተወለደ።

ኩኒጉንዴን ክፉ አድርጌ ብነግራችሁ እንዴት ይቀለኝ ነበር። ግን አይደለችም። ስትመጣ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር፣ እኔ አሁን ካለሁበት ዕድሜ ታንስ ነበር ማለት ነው። ውሻ ትፈራለች፣ ስትስቅ ታንኮራፋለች። ጭፈራ ያስተማረችኝ እሷ ናት። የነገሩን ውስጥ አታውቅም። ቲሞ ደግሞ፣ ወንድሜ፣ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። ዘጠኝ ሊሞላው ነው። እንቁራሪት ኪሱ ውስጥ ይዞ ቅዳሴ ይገባል። ሌላ ሰው ፊት «እመቤት ሉካርድ» ይለኛል፣ ብቻችንን ስንሆን «አንቺ ገንፎ»። ግራፍም ጠባቂም የሚሆነው እሱ ነው።

እና ባለፈው ዓመት ፊደል ልማር ብዬ ከጾሙ እስከ መከር እናቴ ጋ ገዳም ተቀመጥኩ። እዚያ በየጠዋቱ ከቁርስ በፊት አንድ ትልቅ መጽሐፍ ይነበባል፤ በዚያ ቀን የሞቱ የገዳሙ ወዳጆች ስም ነው፣ ይጸለይላቸዋል። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የሞተ ሁሉ አለበት። ጾሙ ውስጥ አንድ ቀን አንባቢዋ፣ «ግራፍ ቲሞ» አለች። ደስ አለኝ፣ የኔ ሰውዬ ብዬ። ረሳሁት።

መከር ላይ፣ ገንፎ በማንኪያ አፌ ላይ አድርሼ፣ አንባቢዋ፣ «ጠባቂው ቲሞ፣ የግራፍ ቲሞ ልጅ» አለች።

ማንኪያው ወደቀ። ሰው እንዴት በጾም ሞቶ ደግሞ በመከር ይሞታል? የአባቴ እጅ ትከሻዬ ላይ ያረፈ ነው የመሰለኝ። በአንድ ጊዜ ሁሉም መጣብኝ፤ ሁለቱ ጣት፣ ጥፍሩ፣ ጌፓ፣ ሣጥኖቹ። እናቴን አየኋት። ገንፎዋን ቀስ ብላ ትበላለች።

የአትክልቱ ቦታ ውስጥ ተከትያት ወጣሁ። ሽንኩርት ልትነቅል ጎንበስ ብላለች።

«ሰማሽው አይደል?» አልኳት።

«ዘጠነኛዬ ነው።»

«እና ለምን አልተናገርሽም?»

«ያወቅኩትማ ድሮ ነው። ማስረጃ ነበር ያጣሁት።» አፈሩን ከሽንኩርቱ ላይ አራገፈች። «ማስረጃውን የሰማሁት በመጣሁ በዓመቱ ነው። ከዚያ ሳምንት በፊት ለሃልደክ ወንድ ልጅ ተወለደ ብለው ደወል አስደወሉ። የመደወል ተራው የኔ ነበር። ገመዱን የሳብኩት እኔ ነኝ ሉካርድ። ሳምንት ሳይሞላው ልጁን ዲቃላ ላድርገው?»

ይሄ ነው ነገሩ። የእናቴ ጋብቻ ካልፈረሰ የኩኒጉንዴ ጋብቻ አልነበረም ማለት ነው። ቲሞ ግራፍም አይሆንም፣ ጠባቂም አይሆንም። እኔ ላይ ምንም አይመጣም፣ በፊትም የሕግ ልጅ ነኝ ብለው ፈርደውልኛል። የሚወድቀው እሱ ነው።

«አሁንስ ምን ትፈልጊያለሽ?» አልኳት። «እውነቱን።»

ሳል ያዛት። ከዓምናው ክረምት ጀምሮ አልለቀቃትም። «አባትሽን አልፈልግም» አለች። «ቤቱንም አልፈልግም። ልጆቼ ጎን መተኛት ነው የምፈልገው።»

የቤታችን ቤተ ጸሎት ወለል ሥር የሚቀበረው ግራፉ፣ ሚስቱና ልጆቻቸው ብቻ ናቸው። ዘመድ አይቀበርም። እናቴ አሁን ዘመድ ናት።

ቤት ስመለስ አባቴን ፈረስ ግቢ አገኘሁት። በየዓመቱ የመጀመሪያውን ፕሪም በቅርጫት ገዳም የሚልከው እሱ ነው፤ ራሱ ይለቅማል፣ ማንም እንዲነካ አይፈቅድም። «አባዬ፣ ቲሞ ስንት ነው?» አልኩት። የትኛው ቲሞ አላለኝም። ኮርቻውን ያለምንም ምክንያት ፈታው፣ መልሶ አሰረው። ከዚያ፣ «የእናትሽ ሳል እንዴት ነው?» አለኝ።

አያቴ ከሞተች ሦስት ዓመቷ ነው። ብትኖር እጣላት ነበር። ለውዙን ግን እወስድ ነበር፣ ውሸት አልናገርም።

እስከዚህ ድረስ ምስጢሬን ይዤ መኖር እችል ነበር፣ ዓመት ሙሉ ኖሬበታለሁ። ግን አጎቴ ዴዶ አልተወም። አዲስ ሊቀ ዲያቆናት ሲሾም ሄዶ አመለከተ። ከአራቱ ሽማግሌዎች ሦስቱ ሞተዋል፣ አራተኛው የራሱንም ስም ረስቷል። ስለ መጽሐፉ ዴዶ አያውቅም፣ እናቴ አልነገረችውም። ያለው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ «ያኔ ልጅ ነበረች፣ አሁን አድጋለች፣ በመሐላ ትቁጠር።» ተፈቀደለት። የሚካኤል ዕለት፣ እዚያው አዳራሽ።

እኔ ደግሞ «የገዳሙን መጽሐፍ ክፈቱ» ብል በቃ፣ አለቀ።

እናቴ ጋ ሮጥኩ። ምን ልበል ንገሪኝ አልኳት፣ እንደ ሕፃን ቀሚሷን ይዤ። እጄን ከቀሚሷ አላቀቀችና፣ «በሰባት ዓመትሽ የምትይውን አፍሽ ላይ አስቀመጡልሽ» አለችኝ። «አሁን ደግሞ እኔ ላስቀምጥልሽ?» ከዚያ ሳል ያዛት። ጀርባዋን ስደግፋት አጥንቷ በእጄ ተቆጠረ።

ዛሬ ጠዋት ቲሞ ፕሪሙ ዛፍ ሥር ጠበቀኝ። ሊቀ ዲያቆናቱ ሲመጣ እሱም ሊቆጥር ነው፣ ኩኒጉንዴ ሰማያዊ ኮት አሰፍታለታለች። ዘር ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ ያው ቤቱ ውስጥ የሚባለውን ነው ያስተማርኩት፣ ሌላ ምን ላስተምረው። እጅጌውን ሰበሰበ። ክንዱ ሁሉ የእሾህ ጭረት ነው። ራስ፣ አንገት፣ ትከሻ፣ ክርን፣ አንድም አልሳተም። አባታችንን መጨረሻዋ አንጓ ላይ አሳረፈ። ከዚያ ጭቃ የሞላበትን ጥፍሩን አፍንጫዬ ድረስ አምጥቶ፣ «ቲሞ» አለ። «ልክ ነኝ፣ አንቺ ገንፎ?»

እውነቱን ብቆጥር ከጥፍር በኋላ ሌላ ቦታ የለም። ልጁ አየር ላይ ነው የሚቀረው። እውነቱን ባልቆጥር እናቴ ልጆቿን ሳታገኝ ነው የምትሞተው፣ እሷም ሳሏም ብዙ እንደማይቆዩ አውቃለሁ። ዝም ብል ደግሞ ዝም ማለት ምን እንደሚያደርግ አባቴን አይቼዋለሁ።

ጥፍሩን ይዤ ቆሜ ቀረሁ፤ «ምን ሆነሻል?» አለኝና ትቶኝ ሮጠ። አራት ቀን ነው የቀረኝ። መስቀሉን አስጨብጠው ቁጠሪ ሲሉኝ፣ እናቴ በአንድ በኩል፣ ልጁ በአንድ በኩል ሆነው ሲያዩኝ፣ እናንተ ብትሆኑ ስንት ቲሞ ትቆጥራላችሁ?